ተማሪዎቼን ዴስክ አስጠገንኳቸው፣ አጠፋሁ እንዴ?

ሰላም ለቤቱ። ይሄን ክር የከፈትኩት እኔው ነኝ። መልሱ 38 ደርሷል፣ አዲስ የሚገባ ሰው ደግሞ ከላይ ሳያነብ የተመለሰውን ጥያቄ መልሶ ይጠይቃል፣ ስለዚህ አድሚኑ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ ጻፍና ከላይ እንስቀለው አለኝ። የሰው ቃል አልገለብጥም፣ በራሴ አባባል ነው የምነግራችሁ። ገለልተኛ ነኝም አልልም፣ የተሰደብኩትም የተመሰገንኩትም እኔ ነኝ፣ ያዳላሁ ከመሰላችሁ ወረድ ብላችሁ ዋናውን አንብቡ።

መነሻው እንዲህ ነው። አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ውስጥ 11ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ በአንድ ክፍል 64 ልጅ። ከክፍሉ ጀርባ እግሩ የተነቀለ፣ ጣውላው የተሰነጠቀ ኮምባይንድ ዴስክ ተቆልሎ ዝናብ ይመታዋል፣ ውስጥ ደግሞ ለሦስት በተሠራ ዴስክ አራትም አምስትም ሆነው ተጣበው ይጽፋሉ። አንድ ቀን ስለ ቶርክ፣ ማለትም ስለ ማዞሪያ ኃይል፣ ቦርድ ላይ ቀስት እየሳልኩ ሳስረዳ ከኋላ አንዱ ዴስክ ወደ ጎን ተንሸራቶ አራት ልጅ መሬት ወረደ፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም ምን እንደነካኝ እንጃ ዴስኩን መሃል አስወጥቼ ለምን ወደቀ ብዬ ጠየቅኳቸው።

ከዛ ነገሩ እየጎተተኝ ሄደ። በ8 ቡድን ከፈልኳቸው፣ ለእያንዳንዱ ቡድን 2 ዴስክ። የተሰበረውን መዘገቡ፣ ለኩ፣ ስዕሉን አወጡ፣ ስንት ሜትር ቱቦላሬ (ባዶ የብረት ቱቦ)፣ ስንት ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ)፣ ስንት ቆርቆሮ ቀለም እንደሚፈጅ ገበያ ወጥተው ዋጋ ጠይቀው ለወተመህ (ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) አቀረቡ። ወተመህ ሲያንገራግር ከርሞ ገንዘቡን ለቀቀ። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለው በያጅ በቅናሽ ሊሠራልን ተስማማ፣ ግን አንድ ነገር ቁርጥ አደረገ፣ ልጆቹ ቆርጠውና ሞርደው የሚያመጡትን እሱ ራሱ ያየዋል፣ ያልቀናውን ይመልሳል። ከ16ቱ 5ቱን መለሰ፣ አንዱን እንዲያውም ሁለቴ። በሳምንት ሁለት ፔሬድና ቅዳሜ ጠዋት እያልን 6 ሳምንት ፈጀ። ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ ቀረሁ፣ የዲፓርትመንት ኃላፊው ጠርቶ አናገረኝ፣ አንድ አባት ደግሞ ልጃቸውን የላኩት ብየዳ እንዲማር እንዳልሆነ ሊናገሩ ዳይሬክተሩ ቢሮ ድረስ መጡ። ማታ ተናድጄ እዚህ ገባሁና አጠፋሁ ወይ ብዬ ጻፍኩ። ይኸው ነው።

መልስ 1 ደስ የሚል ነው፣ ሐዋሳ የምታስተምር እህት ናት፣ ጎበዝ አለችኝና ሌሰን ፕላኑን ላክልኝ አለች። ሌሰን ፕላን የሚባል እንዳልነበረ፣ ሁሉም በኋላ እንደተጻፈ እዚሁ ልናዘዝ።

መልስ 2 ነው እሳት የለኮሰው። ሰውየው የ12ኛ ክፍል ቱቶሪያል ያስተምራል፣ ቁጥር ደርድሮ ነው የመጣው፦ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2014 ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። አገር እንዲህ እየወደቀ አንተ ሁለት ምዕራፍ ጥለህ ዴስክ ታስቀባለህ ነው ነገሩ፣ ለነዚህ ልጆች ከዩኒቨርሲቲ ሌላ መውጫ እንደሌላቸው እያወቅህ በሕይወታቸው ትቀልዳለህ እስከማለት ሄዷል። እውነት ለመናገር ይሄ መልስ ሆዴን ቆርጦኛል፣ ምክንያቱም ግማሹ ልክ ነው።

መልስ 3 የኔ ነው። በራሱ ቁጥር ነው የመለስኩት። በ2017 የተፈተነው 585,882፣ ያለፈው 48,929፣ ቀንሱት እስኪ፣ የቀረው 536,953 ልጅ ነው። እኔ የማስተምረው ለነዚያ 48 ሺህ ብቻ ነው እንዴ? የቀረው ግማሽ ሚሊዮን 12 ዓመት ተምሮ ሲወጣ ምን ይችላል? አንድ ሜትር በትክክል ለክቶ መቁረጥ ይችላል ወይ?

መልስ 4 አረመኝ፣ ጨዋ ሰው ነው። የቀረው ሁሉ ሜዳ ላይ አይወድቅም፣ ከ2015 ጀምሮ ሬሜዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት አለ፣ ከወደቁት ውስጥ የተሻለ ያመጡት በሱ ይገባሉ፣ ስለዚህ ቅነሳህ ቀጥታ አይደለም አለኝ። ልክ ነው፣ ተቀብያለሁ። ግን ሬሜዲያል የሚገባውም ቢሆን ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው።

መልስ 5 አጭርና መራራ፦ ዴስኩ ስንት ማርክ አለው? ፈተናው ላይ ያለው እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ነው፣ ዴስክ የለም። በዚህ ላይ እኔም አንድ ነገር ልጨምር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እኮ ሙያን ረስቶ አይደለም፣ 7ኛና 8ኛ ላይ ሙያና ቴክኒክ አለ፣ 11ኛ ላይ ግብርናም አይቲም መጽሐፍ ተዘጋጅቶላቸዋል። ግን ብሔራዊ ፈተና የማይመጣ ትምህርት እኛ ጋ ምን እንደሚሆን መምህር የሆነ ሁሉ ያውቃል። መልስ 6 የመጣው ከአንድ የአይቲ መምህር ነው፣ የሱ ፔሬድ ከመጋቢት ጀምሮ ለሂሳብ ቱቶሪያል በብድር ተወስዶ እስካሁን እንዳልተመለሰለት ጻፈ። ብዙ ሰው ሳቀበት፣ እሱ ግን የቀለደ አይመስለኝም።

መልስ 7ን ቆም ብላችሁ አንብቡት፣ የክሩ ሁሉ አስኳል እዛ ነው ያለው ባይ ነኝ። ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፣ አዲስ አበባ ያለው የሙያ ትምህርት ቤት ተግባረ ዕድ የተማሩ። ትምህርት ቤቱ በ1930ዎቹ ሲከፈት ጀምሮ ዝናው እጅ ማስፈታት እንደነበር ካወሩ በኋላ ስለራሳቸው መጀመሪያ ዓመት ነገሩን። ማሽን አላስነኳቸውም። አንድ ቁራጭ ብረት ሞርሳ (ጨምቆ መያዣ) ላይ አስረው ሞረድ ሰጧቸውና አራት ማዕዘን አድርግ ተባሉ፣ በቃ። ሲጨርሱ መምህሩ ስኳድራውን (የማዕዘን መለኪያውን) ብረቱ ላይ ገትሮ ወደ መስኮት ያነሳዋል፣ በመሃል ብርሃን ካየ አይናገርም፣ አይቆጣም፣ ብረቱን እዛው ወለሉ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ይሄ ለሳምንታት ቀጠለ። ሰውየው ከዛ በኋላ 30 ዓመት ፋብሪካ ጥገና ላይ ሲሠሩ እስከ መጨረሻው ጆሯቸው ላይ የቀረው ያ ብረት ወለሉን ሲመታ የነበረው ድምፅ እንደሆነ ጻፉ። ከዛ ወደ እኔ ዞረው፣ ልጄ፣ የሠራኸው ጥሩ ነገር ቀለሙም ኤሌክትሮዱም አይደለም፣ የሚመልስባቸው ሰው ማግኘትህ ነው፣ አንተ መምህሩ ብቻህን ብትሆን 16ቱንም አሳልፈህ 10 ከ10 ትሰጥ ነበር አሉኝ።

እሰጥ ነበር። ምን ይዋሻል። በየዓመቱ የሳይንስ ፌር ሲመጣ በካርቶን ግድብ፣ በካርቶን ሄሊኮፕተር፣ በካርቶን እሳተ ገሞራ የማስሞላ ሰው ነኝ፣ የወረዳ ሰዎች መጥተው ፎቶ ተነስተው ሲሄዱ ካርቶኑ ለጥበቃው ሻይ ማፍያ ይሆናል። ፕሮጀክት ስንል የለመድነው እሱን ነው። ካርቶን ግድብ ውሃ ያፍስስ አያፍስስ ማን ይፈትሸዋል? ዴስክ ላይ ግን ሰው ይቀመጥበታል።

መልስ 8 አባትን አክብሮ ታሪክ ጨመረ፣ ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 በሶቪየቶች ትብብር እንደተቋቋመና ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራ ያስተምር እንደነበር። መልስ 9 ደግሞ ደሴ ወይዘሮ ስህን የተማሩ ናቸው፣ በዛ ጊዜ ኮምፕሬሄንሲቭ የሚባለው ስም ለጌጥ አልነበረም፣ አንድ ግቢ ውስጥ አካዳሚኩም፣ ንግዱም፣ ኢንዱስትሪያል አርቱም፣ ሆም ኢኮኖሚክሱም ይሰጥ ነበር፣ ቀለም የሚገፋው ልጅም መዶሻ ይዞ ያውቃል አሉ። ስሙ ብቻ በር ላይ እንደቀረ ቁጭት አለባቸው።

መልስ 10 ላይ አየሩ ተቀየረ። ይሄኛው ወጣት ነው፣ ተናዷል። ይሄ ሁሉ ናፍቆት የደሃ ልጅ ላይ የሚወራ ነው ባይ ነው። የባለሥልጣኑና የነጋዴው ልጅ የግል ትምህርት ቤት በ25 ልጅ ክፍል ውስጥ ፊዚክሱን በላብራቶሪ ይማራል፣ የገበሬውና የቀን ሠራተኛው ልጅ ሲሆን ግን ሁሉም ሰው ድንገት የሙያ ፍቅር ይይዘዋል፣ ለምን የናንተን ልጅ መጀመሪያ በያጅ አታደርጉም አለ። በደርግ ጊዜም ትምህርት ለምርት እየተባለ ልጆች ጓሮ ሲቆፍሩ ውለው የካድሬ ልጅ ግን ውጭ አገር ይላክ ነበር ብሎ ጨመረ።

መልስ 11 ወደ ስድብ ወረደና አድሚኑ አጠፋው።

መልስ 12 ግን ለ10 የተሰጠ ጥሩ መልስ ነው። ሴትየዋ የታሪክ መምህርት ይመስሉኛል። ጥያቄህ ትክክል ሆኖ ሳለ ውስጡ የተደበቀ ንቀት አለ፣ በያጅ መሆን ቅጣት ነው ብለህ ተነስተሃል አሉት። ይሄ የዛሬ በሽታ አይደለም፣ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚሠራውን ፋቂ፣ ሸክላ የምትሠራዋን ቡዳ እያልን ማረሻውንም ድስቱንም ግን ከነሱ እየገዛን የኖርን ሕዝብ ነን፣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሙያተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ የደረሱት ለዚህ ነው፣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ዳይሬክተሩ ቢሮ የመጡት አባት አፍ ውስጥ ያው ነገር አለ ብለው ጻፉ። መልስ 13 ላይ ልጁ ተመልሶ፣ ንቀት አይደለም፣ ደሞዝ ነው፣ አዋጅ ጥርስ አይነክስም አላቸው። ሁለቱም እዚህ ላይ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር፣ አላቆሙም፣ 14 እና 15ን ዝለሏቸው።

መልስ 16። ይሄን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ከአማራ ክልል ነው፣ ወረዳውን አልጠቀሰም፣ መምህር ነው። ትምህርት ቤታቸው ከተዘጋ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ የሱ ዴስኮች ከፊሉ ተሰባብሮ ለማገዶ እንደሄደ፣ 10ኛ ክፍል የነበሩ ልጆቹ አንዳንዱ አግብታለች አንዳንዱ ተሰዷል አንዳንዱ የት እንዳለ አይታወቅም ብሎ፣ እናንተ ስለ ፕሮጀክትና ስለ ፈተና ስትጨቃጨቁ ሳይ ቀናሁባችሁ አለ። ሌላ ምንም አላለም። ከዛ በኋላ ለአንድ ቀን ተኩል ያህል ማንም አልጻፈም።

ዝምታውን የሰበረው መልስ 17 ነው፣ ያው እንደ አገራችን ልማድ በደሞዝ ነው የሰበረው። 17፣ 18፣ 19፣ 20 ሁሉም ስለ መምህር ደሞዝ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ቅዳሜ ስለሠራሁ ተከፈለህ ወይ የሚል (አልተከፈለኝም)፣ መሃል ላይ አንዱ የኤሌክትሮድ ፓኮ ዋጋ ጠየቀ፣ ሌላው መለሰለት፣ ሦስተኛው ዋጋው ከሳምንት በኋላ እንደማይሠራ ነገራቸው።

መልስ 21 ወደ ቁም ነገሩ መለሰን፣ የፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አሰልጣኝ ነው። ቅሬታው በሁላችንም ላይ ነው። ድሮ 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና እያለ ያላመጣው 10+1፣ 10+2፣ 10+3 እየተባለ ወደነሱ ይላክ ነበር፣ ፈተናው ከ2011 በኋላ ቀረ፣ አሁን ደግሞ 12ኛን የወደቀው ይላካል፣ ዕድሜው ጨምሮ ተስፋው ቀንሶ ይመጣል፣ ያኔም ዛሬም ኮሌጁ ማንም መርጦት የሚገባበት ሳይሆን የወደቀ ማጠራቀሚያ ነው የተደረገው። የመጀመሪያውን ሳምንት የሚያጠፋው ልጆቹን ከሐዘን በማውጣት ነው። ስለዚህ 11ኛ ላይ ሆነው፣ ገና ሳይወድቁ፣ በደህና ቀን ብረት የነኩ ልጆች ቢመጡለት እንደሚሳለም ጻፈ። ትብብር ሥልጠና የሚባለውንም አነሳ፣ በወረቀት 70 በመቶው ድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶው ኮሌጅ ነው፣ በተግባር ግን ብዙው ድርጅት ሠልጣኙን ሻይ ያስመጣዋል፣ ግቢ ያስጠርገዋል፣ ማሽኑ ጋ አያስጠጋውም። ከመጨረሻው ላይ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ተፈትኖ ይወድቅና ጥፋቱ የኮሌጁ ይሆናል።

መልስ 22 የመጣው ከጀርመን ነው፣ አውስቢልዱንግ የሚባለውን የሙያ ሥልጠና ጨርሶ በኤሌክትሪክ ሙያ የሚሠራ ሐበሻ። እዛ ያለውን ሲነግረን ልዩነቱ ትምህርት ቤቱ ሳይሆን ውሉ ነው አለ። ልጁ ከድርጅት ጋር ውል ይፈርማል፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይከፈለዋል፣ በሳምንት አንድ ወይ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ሌላውን ቀን ሥራ ላይ ነው፣ የሱ ሙያ ሦስት ዓመት ተኩል ፈጀ። ድርጅቱ እየከፈለው ስለሆነ ሻይ ሲያስመጣው ቢውል የሚከስረው ራሱ ነው። መልስ 23 ወዲያው ነከሰው፣ ያንተ ጀርመን እኮ በብዙ ክፍለ ግዛቶቿ ልጁን ገና 4ኛ ክፍል ሲጨርስ ነው ለየትኛው ዓይነት ትምህርት ቤት እንደሚሆን የምትለየው፣ መልስ 10 የፈራው ነገር እዛ በሕግ ተሠርቶ ይገኛል አለው። 22 መልሶ አልካደም፣ የራሱ ልጅ ዘንድሮ 4ኛ ክፍል እንደሆነና እንቅልፍ እንደነሳው ነገረን።

ከዛ መልስ 24፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ እናት። እኚህ ናቸው ያሳቁኝ። ልጃቸው ሃይስኩል ሲገባ ለመመረቅ 75 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ግዴታ ነው ሲባሉ ልጁ ጥፋት አጥፍቶ የተቀጣ መስሏቸው ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው ለምነዋል። በኋላ ሲገባቸው ሁሉም ልጅ ላይ ያለ ነገር ነው። ልጁ ከዛ አልፎ 11ኛ ክፍል ላይ ግማሽ ቀን ቶማስ ኤዲሰን የሚባለው የቴክኖሎጂ ሃይስኩል፣ ግማሽ ቀን የራሱ ትምህርት ቤት ልሁን አለ፣ አባትየው ዶክተር ነው የሚሆነው ብሎ ሁለት ወር አላነጋገረውም። ካውንቲው ውስጥ ግንባታ የሚማሩት ልጆች ካርቶን ላይ አይደለም የሚሠሩት፣ እውነተኛ ቤት ይሠራሉ፣ ቤቱ ይሸጣል፣ የሚገዛው ሰው ይኖርበታል። ልጃቸው የኤሌክትሪኩን መስመር ሲዘረጋ ኢንስፔክተር መጥቶ ይሄን አፍርስ ያለው ቀን ቤት ገብቶ እራት አልበላም ብለው፣ የመልስ 7 አባት ያሉት ብረት ድምፁ እዚህም ይሰማል ብለው ጻፉ። አባትየውስ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፣ አሁን የቤቱን መብራት የሚያሠራው በልጁ ነው አሉኝ።

መልስ 25 ተነስቶ ውሸት ነው፣ 75 ሳይሆን 100 ሰዓት ነው ብሎ ተቆጣ። 26 ላይ እናትየው የኔ ሜሪላንድ ነው፣ ያንተ ዲሲ ነው፣ ወንድሜ ድንበሩን ስትሻገር ሕጉም ይቀየራል አሉት። 27 ይቅርታ ጠየቀ። በዚህ ቤት ይቅርታ ሲጠየቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ከ28 እስከ 31 የጤና ክርክር ነው፣ ግን እንዳታልፉት። አንዲት ነርስ ልጆቹ ዓይናቸው በምን ተሸፍኖ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ከመመለሴ በፊት ሌላ ሰው ገብቶ ብየዳ ዓይን ከመታ ድንች ቆርጦ ማታ ዓይን ላይ ማሰር ነው አለ፣ እሷም ጦፈች። የብየዳ ብርሃን የዓይኑን ፊት ያቃጥለዋል፣ ፀሐይ ላይ ብዙ የዋለ ቆዳ እንደሚላጥ ማለት ነው፣ ሲነካህ አይታወቅህም፣ ከሰዓታት በኋላ ነው አሸዋ የተበተነበት ያህል የሚያምህ፣ ተራ የፀሐይ መነጽር አይከላከልም፣ ድንች ደግሞ ቆሻሻ ይዞ ገብቶ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ቦታው ጤና ጣቢያ ነው ብላ ዘጋችው። ወደኔ ዞራ ደግሞ ጥያቄውን ደገመች። 31 የኔ ኑዛዜ ነው። ልጆቹ አይበይዱም፣ በያጁ ነው የሚበይደው፣ እነሱ ይለካሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ይሞርዳሉ፣ ይቀባሉ። ግን አንድ ቅዳሜ አንዱ ልጅ ለምኖኝ በበያጁ ጭምብል አንድ ነጥብ አስነካሁት፣ ቆመው የሚያዩትን ሌሎቹን ዞር በሉ አላልኳቸውም። አንዷ ማታ ዓይኗ ሲያለቅስ አድሯል። ለወላጇ ሰኞ ነው የነገርኩት፣ በዛው ቀን መንገር ነበረብኝ። ብዙ ሰው ጎበዝ ሲለኝ የቆየው ይሄን ሳያውቅ ስለሆነ እዚህ ላይ በደንብ ይጻፍ።

32 እና 33 በዚህ ምክንያት ድጋፋቸውን አነሱ። መብታቸው ነው። መልስ 2 ሰውየውም በ34 ተመልሶ መጣ፣ ደስ ብሎት ያንቋሽሸኛል ብዬ ስጠብቅ ሌላ ነገር ይዞ መጣ፣ ሁለቱን ምዕራፍ እንዴት እንደምጨርስ ነው የጠየቀኝ። ቅዳሜውን ለቱቶሪያል ቀይረው፣ ቶርክና ሚዛኑን ዴስኩ ላይ ስለጨረስክ ከዛ ምዕራፍ የቀረህ መልመጃው ብቻ ነው፣ እኔ ያለኝን ጥያቄ እልክልሃለሁ አለ። ልኳል። 40 ጥያቄ። ልጆቹ ከሚዛን ምዕራፍ ያሉትን ጥያቄዎች ከጠበቅኩት በላይ ሠሯቸው፣ ከሌላው ምዕራፍ ያሉትን ግን እንደ ወትሮው ነው፣ ስለዚህ ዴስክ ጠግኖ ሁሉም ጎበዝ ሆነ የሚል ወሬ ከኔ አትጠብቁ።

መልስ 35 ነው ቁጭ ያደረገኝ። የራሴ ተማሪ ናት። ይሄን ክር ማን እንዳሳያት አላውቅም። በትህትና ጀመረች፣ ቲቸር ሰላም ነህ ምናምን፣ ከዛ እያንዳንዱን ነገር በቁጥር አስቀመጠችው። በ8ቱም ቡድን ውስጥ ሴቶቹ የተመደቡት ቀለምና ሒሳብ መዝገብ ላይ ነው፣ መጋዝና ሞረድ ወንዶቹ ጋ ነበር፣ ማንም አልከለከላቸውም ግን ማንም አልሰጣቸውም። በያጁ ሁለቴ የመለሰው ዴስክ የነሱ ቡድን ነው፣ ለምን እንደተመለሰ ያወቀችው እሷ ነበረች፣ ስዕሉ ላይ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ያለው ልክ አንዱ ካንዱ ሦስት ሳንቲም ይበልጥ ነበር፣ ተናግራለች፣ ወንዶቹ ግን ሞረዱን የያዝነው እኛ ነን ብለው አልሰሟትም፣ ሁለተኛ ሲመለስ ነው የሰሟት። ደግሞ ይሄን ሁሉ የምትለው ፕሮጀክቱን ጠልታ እንዳልሆነ፣ ማትሪክ ማለፍም እንደምትፈልግ፣ ሁለቱን ማን አጣላቸው ስትል ጠየቀች።

ምን ልበል። መዝገቡን አውጥቼ አየሁት፣ ልክ ናት። እኔ ራሴ ነኝ የመደብኩት፣ ሳስብበት እንኳን አልነበረም፣ እጄ እንደለመደ ጻፈው። መልስ 36 ላይ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። 37 የተግባረ ዕዱ አባት ናቸው፣ ለኔ አንድም ቃል አልጻፉም፣ ለሷ ነው የጻፉት፣ ሁለቱን ሰያፍ ለክቶ ማስተያየት እሳቸው በስንት ጊዜ እንደገባቸው ነግረዋት ስኳድራ ልላክልሽ አድራሻሽን ለመምህርሽ ስጪ አሏት። ልጆች፣ አድራሻ እዚህ አትጻፉ፣ በኔ በኩል ይሁን።

ዳይሬክተሩ ቢሮ የመጡት አባት ጉዳይ የት ደረሰ ለምትሉኝ፣ አሁንም አልተስማማንም። ልጃቸው ግን እየመጣ ነው።

መልስ 38፣ እስካሁን የመጨረሻው፣ ከበያጁ ልጅ ስልክ ነው የተጻፈው። ክሩን ለአባቷ ስታነብላቸው ነበር። ስለ ትምህርት ፖሊሲው ምንም አስተያየት የላቸውም። የቀሩት ሁለት ዴስኮች በራቸው ላይ ከቆሙ 9 ቀን ሆኗቸዋል፣ ደንበኛ መግቢያ አጥቷል፣ አላፊ አግዳሚው ዴስክ ይሸጣሉ ወይ እያለ አስቸግሯቸዋል፣ መቼ ነው የምታነሱት ነው ጥያቄያቸው። ቀለሙ ከደረቀ ሰንብቷል ብላለች።